ተከታዮቹ ሞኝ ሳይመስሉ እንዴት ይጠመዱ? (የራዲዮ ድራማ፣ ሐዋሳ)

የአቶቴዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 12 ክፍል የራዲዮ ድራማ እየጻፍኩ ነው። እያንዳንዱ ክፍል 25 ደቂቃ ነው፣ ቦታው ሐዋሳ። ክፉው ሰውዬ ጋሽ መርዕድ ይባላል። መናኸሪያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፤ 40 አባል ያለው የሰፈር ዕቁብ ዳኛም ነው። ዕጣው በየእሑዱ ይወጣል፣ መዋጮው 5,000 ብር። ሰፈሩ እንደ አባት ነው የሚያየው።

መጨረሻ ላይ የዕቁቡ ብር ተበልቶ ይገኛል። ያስበሉት ግን ሦስት ደህና ሰዎች ናቸው፦ የዕቁቡ ጸሐፊ ትዕግስት፣ ባጃጅ ነጂው ሳሙኤል፣ ጡረታ የወጡት መምህር ደምሴ።

ረቂቁን ያነበበ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ "ሰዎቹ ምን ነክቷቸው ነው እሺ ያሉት?" ይለኛል። ለእያንዳንዳቸው ድክመት ሰጥቻለሁ። ትዕግስት ድሃ ናት፣ ሳሙኤል ዕዳ አለበት፣ መምህሩ ብቸኛ ናቸው። ጋሽ መርዕድ ይህን ያውቅና ያስፈራራቸዋል። ጮክ ብሎ ሲነበብ ግን እሱ ጅብ ይመስላል፣ እነሱ በግ።

ሦስት ነገር ብትነግሩኝ። ድክመታቸውን እንዴት ነው የሚያገኘው? ከደህና ሰውነት እስከ ሌብነት ስንት ደረጃ ያስፈልጋል? ተራኪ የለኝም፤ ይህን ሁሉ በድምፅ ብቻ እንዴት ላሰማው?

ጥቁር ቀለም

የአቶቴዋ፣ ድክመት ብለሽ የጻፍሻቸው ሦስቱም ኑሮ ናቸው እንጂ ድክመት አይደሉም። ድሃ ሁሉ ደብተር አይሰርዝም፣ ዕዳ ያለበት ሁሉ ሌባ አይሆንም። ሰው የሚያዘው በጎደለው ነገር ሳይሆን እንዳይታወቅበት በሚደብቀው ነገር ነው። ጉድለትንማ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል። የተደበቀውን አንድ ሰው ብቻ ሲያውቀው ነው ያ ሰው ጌታ የሚሆነው።

ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሦስት መስመር ጻፊ፤ ምን ጎደለው፣ ምን ይደብቃል፣ ሲያጠፋ ለራሱ ምን ይላል። ሦስተኛዋን መስመር አብዛኛው ጸሐፊ ይዘላታል። ሰዎችሽ ሞኝ የሚመስሉት እሷ ስለሌለች ነው።

ትዕግስትን እንያዝ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጣለች፣ ቤተሰቦቿ ግን ተመርቃለች ብለው ያምናሉ እንበል። ጋዋን ተከራይታ ፎቶ ተነሥታለች፤ ፎቶው እናቷ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እናትየው ታሳያለች። ማንንም የጎዳ ነገር አይደለም፤ አድማጭ ይወዳታል፣ ያዝንላታልም። ግን ሌት ተቀን የምትጠብቀው ነገር አላት።

ጋሽ መርዕድ ይህን በሁለተኛው ክፍል ያውቃል። አውቆም ምንም አያደርግም! አንቺ የሳትሽው እዚህ ላይ ነው። ካስፈራራት ጠላቷ ሆነ፤ ከጠላት ደግሞ ሰው ወይ ይሸሻል ወይ ይካሰሳል። ይልቅ አንድ እሑድ ዕቁብተኛው ተሰብስቦ አንዱ "ትዕግስት፣ አንቺ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የተመረቅሽው? የእህቴ ልጅ ሳታውቅሽ አትቀርም" ይላታል። ጋሽ መርዕድ ቀደም ብሎ "የሷን ተወውና የዛሬውን አምስት ሺህ ወዲህ በል" ብሎ ሰው ያስቃል። ከዚያ አንድ ጊዜ ያያታል፣ በቃ። ማወቁን አወቀች፤ እንደሸፈነላትም አወቀች። ከዚያ ወዲያ የምትከፍለው ብድር ስንት እንደሆነ የሚነግራት የለም።

ለሳሙኤል ዕዳውን እርሺው። የባጃጅ ነጂ ስሙ "ባጃጅ!" ነው፤ ተሳፋሪ ሁሉ የሚጠራው በሚነዳው ነገር ነው። ጋሽ መርዕድ ሰው ፊት "አቶ ሳሙኤል" ይለዋል። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

መምህር ደምሴ ግን ከሦስቱም ይበልጥብኛል። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ማንበብ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ አቅቷቸዋል፣ ማንም እንዲያውቅ ግን አይፈልጉም። ጋዜጣ ገልጠው ይቀመጣሉ፣ ገጽም ያገላብጣሉ። ዕጣውን የሚያወጡትና ስም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፣ ምክንያቱም ሰፈሩ በሐቀኝነታቸው ይምላል። ወረቀቱን ሲገልጡ ጋሽ መርዕድ ጎንበስ ብሎ ስሙን በጆሯቸው ያንሾካሹክላቸዋል። ውለታ ነው፣ ጉዳታቸውን ይሸፍንላቸዋል።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የሚያውቀው ማን ሆነ?

እንዴት ያገኘዋል ላልሽው፣ ዕቁብ ራሱ ይነግረዋል። ዕጣ የደረሰው ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት "ዋስህ ማነው?" ይባላል። ማን ዋስ እንዳለው፣ ማን ሲጠየቅ መሬት መሬት እንደሚያይ፣ ማን "ነገ አመጣለሁ" ብሎ እንደሚቀር፣ ዳኛው ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ ሁሉ ክፍት ደብተር ነው። ሁለተኛው መንገዱ የራሱን ምስጢር ቀድሞ መስጠት ነው። "እኔም እኮ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ለማንም አልነገርኩም" ይላታል። እውነት ይሁን ውሸት ለአድማጭ አትንገሪው። ምስጢር የተቀበለ ሰው ባዶ እጁን መመለስ ያሳፍረዋል።

ዕጣ ወጣ

ጥቁር ቀለም ያለው ላይ የዕቁቡን ሒሳብ ልጨምርበት፤ ካልተስተካከለ ዕቁብ የሚጥል አድማጭ ሁሉ ይስቅብሻል።

40 አባል በ5,000 ሲባዛ ዕጣው 200,000 ብር ነው፤ ዙሩ 40 ሳምንት። በ12 ክፍል ስታካፍዪው አንድ ክፍል ሦስት ሳምንት ከትንሽ ይወስዳል።

ብር የሚበላበት መንገድ እንዲህ ይሁን። ከ40ው ስም አምስቱ የሌሉ ሰዎች ናቸው። "ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ ናቸው፣ በኔ በኩል ይከፍላሉ" ተብለው ከመጀመሪያው ደብተር ላይ አሉ። አምስቱም እስከ 10ኛው ሳምንት ዕጣ ይደርሳቸዋል፤ 1,000,000 ብር ወጣ ማለት ነው። እስከዚያ ለአምስቱ ስም በሳምንት 25,000፣ በ10 ሳምንት 250,000 ከፍሏል። ስለዚህ በእጁ ያለው የሰው ገንዘብ 750,000 ነው።

ቁም ነገሩ ይህ ገና ስርቆት አለመሆኑ ነው። እስከ 40ኛው ሳምንት 25,000ዋን እየከፈለ ከሄደ አንድ ሚሊዮኑን መለሰ፤ ማንም ሳይጎዳ፣ ማንም ሳያውቅ ዙሩ ያልቃል። ትዕግስት ለራሷ የምትለው እዚህ ተገኘ፤ "ብድር እኮ ነው፣ እየከፈለ ነው።" ደብተሩም ይመሰክርላታል! በ20ኛው ሳምንት መክፈል ሲያቆም ነው ብድሩ ሌብነት የሚሆነው። የቀረው 500,000 ነው፤ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ሣጥኑ ውስጥ የሚገኘው 200,000 ሳይሆን 175,000 ነው። መጨረሻ ላይ ዕጣ የሚጠብቁት ናቸው የሚከስሩት፤ እነሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ "ለኔ ቆይቶ ቢወጣ ይሻለኛል፣ ቁጠባ ነው" የሚሉት ጥንቁቆቹ ናቸው። ከእነዚህ አንዷን ከመጀመሪያው ክፍል አስተዋውቂን።

ለሐሰተኞቹም ስሞች ዋስ ያስፈልጋል። ሳሙኤል እዚህ ይግባ። ለሌላ ሰው ዋስ ሁን መባል ማለት "አንተ የምትታመን ሰው ነህ" መባል ነው። ፊርማውን ሲያኖር እጁ በኩራት ይንቀጠቀጥ እንጂ በፍርሃት አይሁን።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ። የወጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ ለሰው ይታያል፣ ቢያንስ ጸሐፊዋ ዓይታ ትመዘግባለች። በጆሮ የተንሾካሾከው ስምና ወረቀቱ ካልተገናኙ መጀመሪያ የምታየው ትዕግስት ናት። ይህን እንዴት ትደፍኚዋለሽ?

የአቶቴዋ ልጅ

የዓይናቸው ነገር ቀኑን ሙሉ አልወጣልኝም። ወረቀቱን ግን እንዴት ላድርገው? ጋሽ መርዕድ ቀዶ ይጣለው? ወይስ ትዕግስት አስቀድማ ሁሉን አውቃ ትግባበት?

መጋረጃ

አትድፈኚው። የድራማሽ በር እሱ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ላይ መምህሩ ስም ይጠራሉ፤ ወረቀቱ ወደ ትዕግስት ይተላለፋል፤ ገልጣ ስታይ ሌላ ስም ነው ያለው፣ ወርቅነሽ እንበል። አፏን ብትከፍት 40 ሰው ፊት የሚዋረዱት ጋሽ መርዕድ አይደሉም፣ መምህሩ ናቸው። ማንበብ የማይችል አስተማሪ! የተደበቀ ነገር ሲገለጥ ምን እንደሚያደርግ ከሷ በላይ የሚያውቅ ደግሞ እዚያ ቤት የለም። የተጠራውን ስም ትጽፋለች። የመጀመሪያ ጥፋቷ እንግዲህ በርኅራኄ የተሠራ ነው። ከዚህ በኋላ "ምን ነክቷት?" ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ ካለ አላዳመጠም።

ሰው ሲበተን ጋሽ መርዕድ "ሽማግሌውን አላሳፈርሻቸውም፤ እግዜር ይስጥሽ። ወርቅነሽ እንደሆነች ገና ይወጣላታል" ይላታል። ጥፋቷን በጎነት ብሎ ሰየመላት።

ደረጃውን በተመለከተ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለክፉም ይሠራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1961 ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረውን ሙከራ አስቢ። ሰዎቹ ሌላ ሰው በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ እንዲቀጡት ይታዘዛሉ (ንዝረቱ የውሸት ነበር፣ እነሱ ግን አያውቁም)። ማሽኑ 30 ማብሪያ አለው፤ ከ15 ቮልት ይጀምርና በ15 በ15 እየጨመረ 450 ይደርሳል። በታወቀው ዙር ከ40ው ሰው 26ቱ እስከ መጨረሻው ሄደዋል። ለኛ ሥራ የሚጠቅመው 450ው ሳይሆን 15ቱ ነው። 150ን ከነካ በኋላ 165 ላይ ለማቆም "ታዲያ 150ው ለምን ልክ ሆነ?" የሚለውን መመለስ አለበት። እያንዳንዱ እርምጃ ካለፈው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ስለዚህ ለትዕግስት ስምንት እርምጃ አበጂላት፤ ከስድስት ካነሰ ትዘያለሽ። የተቀደደ ደብተር አዲስ ላይ ትገለብጣለች፤ አምስቱ ሐሰተኛ ስሞች በሷ የእጅ ጽሑፍ ገቡ፣ ምንም ሳታውቅ። የታመመ አባል መዋጮውን አዘገየ፤ "በሰዓቱ ገብቷል ብለሽ ጻፊ፣ እኔ እሞላለሁ" ይላታል፣ እውነትም ይሞላል። ከዚያ የወርቅነሽ ወረቀት። ከዚያ "ዘመዴ መምጣት ስላልቻለ አንቺ ፈርሚለት።" ከዚያ አንዱ ዘመድ እንደሌለ ታውቃለች፤ "ብድር ነው" ይላታል፤ ሒሳቡን ራሷ ሠርታ ታምነዋለች። ከዚያ ለጠየቃት አባል ትዋሻለች። ከዚያ 20ኛው ሳምንት ላይ ባልተከፈለው ቦታ "ተከፍሏል" ትጽፋለች። ስምንተኛው አዲሷን ጸሐፊ ማሠልጠን ነው፤ ሌላ ሰው ማስገባት። እዚያ ስትደርስ ተጎጂ መሆኗ አበቃ።

በሁለቱ እርምጃዎች መካከል ያለው ርቀት ሁልጊዜ "እምቢ ማለት ነውር ይሆናል" በሚያሰኝ ልክ ይሁን።

ገንዘብ ግን አብዝቶ እንዳይሰጣት! ይህ ስህተት በየድራማው አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፌስቲንገርና ካርልስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ሥራ ተማሪዎች አሰልቺ ሥራ ሠርተው ለሚቀጥለው ሰው "ደስ ይላል" ብለው እንዲዋሹ ተጠየቁ፤ ለአንዱ ወገን 1 ዶላር፣ ለሌላው 20 ዶላር። በኋላ ሥራው ደስ ይል ነበር ብለው ከልብ ያመኑት 1 ዶላር የተሰጣቸው ናቸው። ሃያ የወሰደው "ለገንዘብ ዋሸሁ" ማለት ይችላል። አንድ የወሰደው ግን ምክንያት ስለሌለው ውሸቱን ማመን አለበት። ጋሽ መርዕድ ለትዕግስት 50,000 ብር ከሰጣት ሻጭ መሆኗን ታውቃለች፣ በማግስቱም ወደ ልቧ ልትመለስ ትችላለች። ለእናቷ አንድ ኪሎ ቡና ከላከ ግን ምን ብላ ትመልሰው?

የሞኖፖሉ

ጥሩ ነው፣ ግን በጣም የተስተካከለ ነገር ያጠራጥረኛል። ሦስቱም በበጎነታቸው ከተያዙ አድማጭ የጋሽ መርዕድን መረብ ያደንቅና ሰዎቹን ይቅር ይላል። አንዱ አውቆ ይግባ። ሳሙኤል ይሻላል። አራተኛው ክፍል ላይ ዘመዶቹ እንደሌሉ ያውቃል፤ አውቆም ዝም ይላል፣ ምክንያቱም "አቶ" መባሉን ማጣት አይፈልግም። በስሜት የተያዘ ሁሉ የዋህ አይደለም። አንዳንዱ የሚሸጠውን ያውቃል፣ ዋጋውን ብቻ ነው የሚደብቀው።

ሌላው፣ ጋሽ መርዕድ ሁሉን ከመጀመሪያው አስቦ አይምጣ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተረጎመው የሼክስፒር ኦቴሎ ላይ ክፉውን ኢያጎን ተመልከቺው፤ አንድ ትልቅ ካርታ ይዞ አይነሣም፣ በየመንገዱ ያገኘውን ያነሣል። ኦቴሎን ያሳተበት መሐረብ እንኳ የወደቀ ነገር ነው፤ ሚስቱ ኤሚሊያ አንሥታ ነው የሰጠችው። ለእያንዳንዱም ሰው የተለየ መንጠቆ አለው። ሮድሪጎን በምኞቱ ያልበዋል፣ ካሲዮን መጠጥ እንደማይችል አውቆ በጽዋ ይጥለዋል፣ ከዚያ ያጣውን ስም መልሶ እንደሚያገኝለት ሆኖ ይቀርበዋል። ጋሽ መርዕድም የመምህሩን ዓይን በአጋጣሚ ይወቅ፤ ጋዜጣ ዘቅዝቀው ይዘው ያያቸው። መጀመሪያ በእውነት አዝኖ ያንሾካሽክላቸው። ስሙን መቀየር እንደሚችል ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይገለጥለት። ክፋቱ እንደዚያ ሲመጣ እኔም ላደርገው እችል ነበር ያሰኛል።

የልጅነት በደል ግን እባክሽ አትጨምሪለት። "አባቱ ይገርፈው ነበር" የምትል ትዕይንት ከመጣች ራዲዮኔን እዘጋለሁ።

መጋረጃ

በሳሙኤል ተስማምቻለሁ። ደረጃው መስተካከሉ ግን ለጸሐፊዋ ነው፤ አድማጭ የሚሰማው ተሰባብሮ ነው። ሁለት እርምጃ ከመድረክ ውጭ ይሁን፣ ተደርጎ እንስማው።

ማይክ ክፍት ነው

የድምፁን ነገር ማንም ስላልነካው እኔ ልሞክር።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የተሠራ ቋንቋ ነው፣ "አንቺ" እና "እርስዎ" አለሽ። ጋሽ መርዕድ ትዕግስትን ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ "አንቺ"፣ "ልጄ" ይበላት። ሲቆጣ ድምፁን ከፍ አያድርግ፤ "እርስዎ" ይበላት። "ወይዘሪት ትዕግስት፣ ደብተሩን እዚያ ያስቀምጡልኝ።" አድማጭ ሁለት ጊዜ ከሰማው በኋላ ሦስተኛው ላይ ሆዱ ይንሸራተታል። "አንቺ" ሲመለስላት እሷም እኛም እንተነፍሳለን፤ መልካምነቱ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ነው የምትጠብቀው። ሁልጊዜ ደግ ቢሆን ትለምደዋለች፣ ሁልጊዜ ክፉ ቢሆን ትሄዳለች። ለሳሙኤል ግልባጩን አድርጊ። "አቶ ሳሙኤል" ይባል የነበረው ሰው አንድ ቀን ሰው ፊት "ባጃጅ!" ተብሎ ይጠራ። ቅጣቱ በአንዲት ቃል አለቀ።

ማስፈራሪያውን በምርቃትና በምስጋና ውስጥ ደብቂው፤ ሰምና ወርቅ ያደግንበት ነው። "እናትሽ ያንን ፎቶ እንዴት ትወደዋለች! ዕድሜ ይስጣት፣ ሳትከፋ ትኑር።" ሰሙ ምርቃት ነው። ወርቁን የምትሰማው ትዕግስት ብቻ ናት፣ እኛም ከሷ ጋር። ተዋናዩ ይህችን መስመር ሲላት ፈገግታ እንዲሰማ እንጂ ጥርስ እንዳይሰማ ንገሪው። የሰይጣን ሳቁን አውጪው።

ሰዎቹን ሲነጥላቸውም "ከእሷ ጋር አትሂጂ" አይበል። ጓደኛዋን ያመስግናት፤ "ጥሩ ልጅ ናት፤ ስላንቺ ሰው ሲጠይቃት ደንግጣ ያላትን ነገር እንኳ እኔ አልቀየምኳትም።" ምን አለች? አይነግራትም። ትዕግስት ሄዳ መጠየቅ አትችልም፤ ስትጠይቅ ፎቶው ሊነሣ ይችላላ።

ለድምፅ ምልክት ሦስት ነገር ይበቃሻል፦ የዕጣው ወረቀት ሲገለጥ ኮሽታው፣ የብዕሯ ድምፅ፣ የሹክሹክታው ትንፋሽ። ሹክሹክታውን መጀመሪያ ቃሉ ሳይለይ አሰሚው። ከወርቅነሽ ትዕይንት በኋላ ቃሉ ይለይ። ከተማዋን ለማሳወቅ ደግሞ የባጃጅ ሞተርና ጠዋት የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጫጫታ በቂ ነው። በየትዕይንቱ "ይኸው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር" አታስብዪ። በ25 ደቂቃ ከሰባት ትዕይንት በላይ ካስገባሽ ዝምታ የሚሆን ቦታ አይኖርሽም፤ ይህ ድራማ ደግሞ በዝምታ ነው የሚሠራው።

የአቶቴዋ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ግማሹን ረቂቅ ቀድጄዋለሁ። አንድ የቀረኝ አለ። መውጫው። 11ኛው ክፍል ላይ ትዕግስት ፖሊስ ጋ ትሄዳለች ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ይህች ልጅ የምትሄድ አልመስል አለችኝ። እውነቱን እያወቀች ለምን ትቆያለች? ምንስ ያስወጣታል?

ጥቁር ቀለም

የምትቆየው ስለማታውቅ አይደለም። 20ኛው ሳምንት ላይ ሁሉን ታውቃለች። የምትቆየው መጀመሪያ የደበቀችው ነገር አሁን ከደበቀችው ጋር ስለተሰፋ ነው። ፎቶው ሐሰት መሆኑ ቢታወቅ ኖሮ ዱሮ ዕፍረት ብቻ ነበር። አሁን "ያኔም የዋሸች ናት" የሚል ማስረጃ ሆነ። ጽሑፉ በሷ እጅ ነው፣ ፊርማው በሷ እጅ ነው። ጋሽ መርዕድ አንድም ቦታ አልፈረመም!

ይህ ትልልቆቹም የሠሩበት ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 1978 ጋያና ውስጥ ከ900 በላይ ሰው ይዞ ያለቀው የሃይማኖት ቡድን መሪ ጂም ጆንስ፣ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ተከታዮቹን ባዶ ወረቀት ላይና ያልሠሩትን ጥፋት በሚናዘዙ ደብዳቤዎች ላይ ያስፈርማቸው ነበር። ወረቀቱ የእምነት መግለጫ ተብሎ ነው የሚሰጠው፤ መውጫውን የሚዘጋው ግን እሱ ነው።

የሚያስወጣት ማስረጃ ወይም ጀግንነት ሳይሆን ሁለተኛ ሰው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረገው የመስመር ርዝመት ሙከራ፣ ክፍሉ ሁሉ አውቆ ሲሳሳት ብቻውን ያለው ሰው ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል አብሮ ይሳሳት ነበር። ከጎኑ አንድ ሰው ብቻ ትክክሉን ሲናገር ግን አብሮ መሳሳቱ ወደ አንድ አራተኛ ወረደ። አንድ ሰው ብቻ። ጋሽ መርዕድም ሦስቱን ለየብቻ የያዛቸው ለዚህ ነው፤ እስከ 10ኛው ክፍል ሁለቱ ያለሱ የሚነጋገሩበት አንድም ትዕይንት እንዳይኖር። ይህን ከመጀመሪያው ተጠንቀቂ፣ ካለ ሰርዢው።

11ኛው ላይ ትዕግስትና መምህር ደምሴ አሞራ ገደል ዓሣ ሾርባ ቤት በአጋጣሚ ይገናኙ። መምህሩ ኪሳቸው ውስጥ ለሳምንት የያዙት ደብዳቤ አለ፤ ልጃቸው የላከው። ማን ያንብብላቸው? ጋሽ መርዕድን መጠየቅ ፈርተዋል፤ ስሞቹ ሲደጋገሙ ጠርጥረዋል፣ ግን መጠየቅ ማለት አለማንበባቸውን መናገር ነው። "እስኪ ልጄ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው…" ይሏታል። መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነው፤ በራዲዮ ስለማይታይ አስተናጋጁ "አባባ፣ መነጽርዎን ላንሣልዎት፣ ሾርባው ይረጭበታል" ይበል። ዝምታ። ትዕግስት ደብዳቤውን ታነብላቸዋለች። ከዚያ የሷን ትነግራቸዋለች።

ዕጣ ወጣ

ሒሳቡን ለመዝጋት ያህል። ይህ የሚሆነው በ36ኛው ሳምንት ግድም ነው። መክፈል ካቆመ 16 ሳምንት አልፎታል፤ 16 በ25,000 ሲባዛ 400,000 ጎድሏል። ዕጣ ያልደረሳቸው አራት ሰዎች ቀርተዋል፤ ለወጣላቸውም "ቀሪውን ሰኞ" እየተባለ ሰኞው አላለቀም። ወርቅነሽ ከአራቱ አንዷ ትሁን፤ በሦስተኛው ክፍል ወጥቶላት የነበረውን እስካሁን እየጠበቀች።

ሳሙኤልንም አትርሺው። አምስት ሰው ላይ ዋስ የፈረመው እሱ ነው፤ ሰፈሩ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ጋ ነው እንጂ ጋሽ መርዕድ ጋ አይደለም።

የሞኖፖሉ

ትዕግስት ስትነግራቸው "ፎቶው ውሸት ነው" እንዳትል አድርጊ። በቀጥታ ሲነገር ይሞታል። መምህሩ እናቷን ያስተማሩ ቢሆኑ እናትየው ፎቶውን አሳይታቸዋለች፤ "ሳሎናችሁ ያለው ፎቶ… ታዲያ እኔ መቼ አየሁትና ልጄ" ይበሏት። ዓይናቸው እንደማያይ በራሳቸው አፍ ተናገሩ፣ የሷንም ሸፈኑላት። የሚቀጥለው ድምፅ የሾርባው ማንኪያ ይሁን።